የመገጭ ቁጥር ከየት መጣ?

ካርታው ላይ ሰማያዊ መስመር አለ። ተማሪው ይነካዋል፣ ትንሽ መስኮት ብቅ ይላል፣ ውስጡ «18.4 ሜትር ኩብ በሰከንድ» ይላል። ተማሪው ቁጥሩን ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፣ መምህሩ ያርማል፣ ክፍለ ጊዜው አለቀ። የወንዝ ፍሰት (በሰከንድ የሚያልፍ የውኃ መጠን) ትምህርት እንዲህ ከሆነ ዲጂታሉ ካርታ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የወረቀት ካርታ የሚለየው መብራት በመፈለጉ ብቻ ነው። ጎንደር ላለ ተማሪ ከቁጥሩ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ይህን ማን ለካው? ለአካባቢው ወንዞች፣ ለመገጭ፣ ለቀሃ፣ ለአንገረብ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ቁጥር በአብዛኛው ማንም ያልለካው፣ ኮምፒውተር ከዝናብና ከመሬት ቅርጽ ተነስቶ ያሰላው ነው። ይህ ቁጥሩን ከንቱ አያደርገውም፤ አነባበቡን ግን ከሥሩ ይለውጠዋል።

የተለካ ፍሰት ምን እንደሚመስል ለማየት የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ካርታ ጥሩ መነሻ ነው። ተቋሙ የመጀመሪያውን የወንዝ መለኪያ ጣቢያ በ1889 እ.ኤ.አ. ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ኤምቡዶ በምትባል ቦታ፣ ሪዮ ግራንዴ ላይ አቆመ። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎቹ የውኃውን ከፍታ አብዛኛውን ጊዜ በየ15 ደቂቃው እየመዘገቡ በሳተላይት ይልካሉ። ካርታው ላይ እያንዳንዱ ጣቢያ ባለ ቀለም ነጥብ ነው። አረንጓዴ ከሆነ የዛሬው ፍሰት ባለፉት ዓመታት በዚሁ ቀን ከተመዘገቡት መካከል በ25ኛውና በ75ኛው መቶኛ መሃል፣ ማለትም ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ በመካከለኛው ግማሽ ውስጥ፣ ይወድቃል፤ የወትሮው ነው ማለት ነው። ወደ ብርቱካንማና ቀይ ሲሄድ ከወትሮው ያንሳል፣ ወደ ሰማያዊ ሲሄድ ይበልጣል፣ ጥቁር ከሆነ በዚያ ቀን እስከ ዛሬ ከተመዘገበው ሁሉ በልጧል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቀለሙ የውኃ ብዛትን አይናገርም። ሚሲሲፒ ቀይ፣ ልጆች የሚሻገሯት ጅረት ደግሞ ሰማያዊ ልትሆን ትችላለች። ተማሪ ይህን ቶሎ አይቀበልም፤ ሰማያዊ ካየ ብዙ ውኃ፣ ቀይ ካየ ድርቅ ይመስለዋል። ወንዝን ከሌላ ወንዝ ሳይሆን ከራሱ ታሪክ ጋር ማወዳደር የሚለው ሐሳብ ኋላ መገጭ ላይ ስንደርስ ብዙ ስለሚያግዝ፣ አሥር ደቂቃ ቢፈጅም አይቆጭም።

እዚያም ቢሆን መሣሪያው በቀጥታ የሚለካው ከፍታን እንጂ ፍሰትን አይደለም። ባለሙያ በዓመት ጥቂት ጊዜ ወንዙ ድረስ ሄዶ ስፋቱን፣ ጥልቀቱንና ፍጥነቱን ለክቶ ፍሰቱን ያወጣል፤ ከእነዚህ ልኬቶች ከፍታን ከፍሰት ጋር የሚያያይዝ ኩርባ ይሠራል፤ የቀረው ሁሉ ከኩርባው ላይ ይነበባል። የወንዙ ወለል በደለል ከሞላ ወይም ከተሸረሸረ ኩርባው ይዋሻል። ከጎንደር ዙሪያ ተራሮች አፈር እየጠረገ ለሚወርድ ወንዝ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አገራችን ውስጥ ደግሞ በብዙ ጣቢያዎች ተነባቢው ዘንግ (የውኃውን ከፍታ ለማንበብ ወንዙ ውስጥ የተተከለው ባለ ቁጥር ዘንግ) በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት፣ በሰው ዓይን ይታያል። የክረምት ዶፍ ከሰዓት በኋላ ወርዶ ጎርፉ ማታ 3 ሰዓት ላይ ካለፈ መዝገቡ ላይ አይገኝም። የተለካ ቁጥርም የራሱ ቀዳዳ አለው ማለት ነው፤ ደግነቱ ቀዳዳው የት እንዳለ ይታወቃል።

ወደ ፍሰቱ ከመግባት በፊት ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ቢታይ ይሻላል። ለዚህ የተመቸው ሪቨር ረነር የሚባለው ካርታ ነው፤ የትኛውንም ቦታ ሲነኩት ከዚያ የወደቀች የዝናብ ጠብታን እስከ ባሕር ይከተላል። ፋሲል ግቢ ያለው በቀሃና በአንገረብ መሃል ባለው ጉብታ ላይ ስለሆነ፣ ጠብታዋ በአንዱ ወይም በሌላው በኩል ወርዳ መገጭ ትገባለች፤ የደምቢያን ሜዳ አቋርጣ ጣና ትደርሳለች፤ ከባሕር ዳር ደግሞ በዓባይ ወጥታ ካርቱም ላይ ነጭ ዓባይን ታገኛለች። ከከተማዋ ወደ ሰሜን፣ ከውኃ መክፈያው ማዶ የወደቀችው ግን ሌላ መንገድ ይዛ በምዕራብ ቆላ በኩል ወደ አትባራ ትወርዳለች። ሁለቱ ጠብታዎች ዳግም የሚገናኙት ሱዳን ውስጥ አትባራ ከተማ አጠገብ፣ ከካርቱም በስተሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ነው። ተፋሰስ (ውኃው ሁሉ ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበት አካባቢ) ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ ለጎንደር ተማሪ ያለ አይመስለኝም፤ መክፈያውን በመኪና መንገድ ላይ ሆኖ ማየት ይቻላልና።

እግረ መንገዱን አንድ ወጥመድ አለ። አንገረብ የሚባሉ ወንዞች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከተማዋን ውኃ የሚያጠጣው ግድብ ያለበት፣ የመገጭ ገባር የሆነው ነው፤ ሌላው ከመክፈያው ማዶ ተነስቶ ወደ ምዕራብ የሚወርደውና ለአትባራ የሚገብረው ነው። የካርታው መፈለጊያ ላይ ስሙን የጻፈ ተማሪ የትኛው እንደሚመጣለት ዋስትና የለውም፤ ብዙ ጊዜ ትልቁ ይቀድማል። ስለዚህ በስም ሳይሆን በመጋጠሚያ መፈለግ ይለመድ፦ ለጎንደር 12.6 ሰሜን፣ 37.47 ምሥራቅ። ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ። አንዳንድ ካርታ ኬክሮስን፣ አንዳንዱ ኬንትሮስን ያስቀድማል፤ ሁለቱ ከተገለባበጡ ካርታው የሚወስደን ከሲሲሊ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ አጠገብ ወዳለው ባሕር ነው። ስክሪኑ ሰማያዊ ብቻ ሆኖ «ኮኔክሽኑ ተበላሸ» የሚል ተማሪ ካለ፣ መጀመሪያ ይህን ማየት ነው።

ለመገጭ ራሱ ቁጥር ከሚሰጡት ነጻ አገልግሎቶች ለትምህርት የሚመቸኝ ጂኦግሎውስ ነው። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል የሚያወጣውን ትንበያ ይዞ፣ የዓለምን ወንዞች ወደ 7 ሚሊዮን በሚጠጉ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ምን ያህል ውኃ እንደሚያልፍ ያሰላል። ሁለት ነገር ይሰጣል፦ ወደፊት የ15 ቀን ትንበያ፣ ወደኋላ ደግሞ ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕለታዊ ስሌት።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ የሚሳሳቱበት ቦታ ግን አለው። የጀርባውን ካርታ ወደ ሳተላይት ምስል ቀይሮ ወደ አዘዞ መቅረብ፣ ዋናው መንገድ መገጭን የሚሻገርበት ድልድይ እስኪለይ ድረስ ማጉላት። የወንዝ መስመሮቹ ከሩቅ ሁሉም አይታዩም፤ ሲጎላ ትንንሾቹ ይወጣሉ። ከዚያ መስመሩን መንካት። ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ከላይ ያለው ቁራጭና ከታች ያለው የተለያየ ቁጥር ስላላቸው፣ ጣት ትንሽ ቢንሸራተት ገባሩን ይዘን «መገጭ» ብለን እንጽፋለን። በስልክ ሲሆን ይባስ። እያንዳንዱ ቁራጭ ዘጠኝ አሃዝ ያለው መለያ አለው፤ ከግራፉ በፊት መለያው ደብተር ላይ ይጻፍ። በማግስቱ ሌላ ቁጥር ሲመጣ ወንዙ ነው የተለወጠው ወይስ የነካነው ቁራጭ የሚለውን የሚፈታው ይህ መለያ ብቻ ነው። ደምቢያ ሜዳ ላይ ደግሞ መስመሩ ከእውነተኛው ወንዝ ጎን ርቆ ሊሰመር ይችላል፤ መስመሮቹ የተሠሩት ከመሬት ከፍታ መረጃ ነው፣ በጣም ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ደግሞ የከፍታው ስሕተት ከመሬቱ ተዳፋት ይበልጣል።

የትንበያው ግራፍ አንድ መስመር ብቻ አይደለም። ያው ማዕከል የመነሻውን ሁኔታ በትንሽ በትንሹ እያለዋወጠ 51 ትንበያ ያወጣል፤ ግራፉ ላይ የሚታየው ሰፊ ጥላ የእነዚህ ሁሉ ክልል ነው። ጥላው ጠባብ ከሆነ ትንበያዎቹ ተስማምተዋል፤ ከሰፋ አልተስማሙም። መጀመሪያዎቹ ቀናት ጠባብ ሆነው ወደ ኋላ እንደ መለከት አፍ መስፋታቸው የተለመደ ነው። ተማሪ መሃሉን መስመር ብቻ አንብቦ «በ12ኛው ቀን 40 ሜትር ኩብ ይሆናል» ካለ፣ የጥላውን ታችና ላይም እንዲጽፍ ይደረግ፦ ከ15 እስከ 90 ሊሆን ይችላል። ያኔ ትንበያ ምን እንደሆነ ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ድክመት። የኋላውን ታሪክ ለማስላት የሚያገለግለው የዝናብና የአየር መረጃ የሚያየው በ31 ኪሎ ሜትር ገደማ ካሬዎች ነው። አንድ ካሬ ወደ 960 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። አዘዞ አጠገብ ካለው መለኪያ በላይ ያለው የመገጭ ተፋሰስ ግን 460 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሙሉ ተፋሰሱ ከአንድ ካሬ ግማሽ አይሞላም! የክረምት ደመና አዘዞን አጥቦ ጎንደር ላይ ጠብታ ሳይጥል ሊያልፍ ይችላል፤ ለሞዴሉ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ስሌት፣ ግን ሁሉም አካባቢ እኩል ዘንቦበታል። ለዚህ ነው ጊልገል ዓባይን ለመሰለ ሰፊ ወንዝ የተሻለ የሚሠራው፣ ለመገጭ የሚደክመው፣ ለቀሃ ደግሞ ጨርሶ እምነት የማይጣልበት። ድንገተኛ ጎርፍን ዝቅና ለስለስ አድርጎ ነው የሚያሳየው።

ተማሪው ራሱ ቁጥሩን መፈተን ይችላል፤ የሚያስፈልገው የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ460 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ቢወርድ 4.6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ነው። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ አለው። ሁሉም በአንድ ቀን ውስጥ ቢፈስ 53 ሜትር ኩብ በሰከንድ ይሆናል። ግን ሁሉም አይፈስም፤ አፈር ይጠጣል፣ ይተንናል፣ የቀረውም ለቀናት ይንጠባጠባል። ከመቶ 40 እጁ ወንዝ ገባ ብንል 21 ይደርሳል። ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ መሬቱ ገና ተሰነጣጥቆ ሳለ፣ ከዚህ በጣም ያንሳል፤ ነሐሴ ላይ መሬቱ ጠግቦ ሲያበቃ ይበልጣል። ካርታው በ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማግስት 200 ካሳየ አንድ ነገር ተሳስቷል፦ ዝናቡ፣ ቁራጩ ወይም ሞዴሉ።

ታዲያ የማይታመን ቁጥር ለምን ይታያል? መልሱ ያው የአሜሪካኖቹ ቀለም ነው። ጂኦግሎውስ የ2፣ የ5፣ የ10፣ የ25፣ የ50፣ የ100 ዓመት ጎርፍ ወሰኖችን (በአማካይ በዚያን ያህል ዓመት አንዴ የሚታለፉ ፍሰቶችን) ከቢጫ እስከ ሐምራዊ ቀለም ሰጥቶ ያሳያል፤ ወሰኖቹ የተሰሉት ከራሱ ከሞዴሉ የዓመታት ታሪክ ነው። ሞዴሉ ሁልጊዜ እጥፍ የሚያበዛ ቢሆን ወሰኑም እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ «የዘንድሮው ትንበያ የ5 ዓመቱን ወሰን አለፈ» የሚለው ንባብ «85 ሜትር ኩብ ነው» ከሚለው የበለጠ ይታመናል። የክረምቱ ቅርጽም እንዲሁ፦ መቼ መውጣት ጀመረ፣ መቼ ጫፍ ደረሰ፣ ከየትኛው ዓመት ይመስላል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ደምቢያና ፎገራ በውኃ የተጥለቀለቁበትን ክረምት ከጎረቤት ዓመታት ጋር አስተያይቶ ሞዴሉ ያንን ጎርፍ አይቶት እንደሆነ ወይም እንዳመለጠው መመርመር አንድ ሙሉ የቡድን ሥራ ይሆናል። ያመለጠው ቢሆን እንኳ «ለምን?» የሚለው ራሱ ትምህርት ነው።

ስለ ጊዜ ጥቂት። ካርታዎቹ የሚጠቀሙት ዓለም አቀፉን ሰዓት፣ ዩቲሲን ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ ሦስት መቀነስ ይበቃል፦ የእነሱ 12 ለእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ የእነሱ 18 ሲቀነስ 15፣ 12 ሲወጣለት ማታ 3 ሰዓት። ዜሮ ሰዓት ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ይህ ማለት ካርታው «አንድ ቀን» የሚለው ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ቀጣዩ ሌሊት 9 ሰዓት ያለውን ነው፤ ዘንግ አንባቢው ከማታ 12 እስከ ማታ 12 ከሚቆጥረው ጋር አይገጥምም። የትናንትና ምሽት ጎርፍ በካርታው የትናንት፣ በመዝገቡ የዛሬ ሆኖ ሲገኝ ጥፋቱ የማንም አይደለም።

የወር ጉዳይ ደግሞ አለ። የእነሱ ኦገስት ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 25 ነው። አባቶች «ነሐሴ አጋማሽ ላይ ወንዙ ይሞላል» ሲሉ የሚናገሩትን ከግራፉ ላይ ለማግኘት መረጃውን በእኛ ወር ማስላት ይሻላል። የዕለቱን ቀን ከሴፕቴምበር 11 ጀምሮ ቆጥሮ (የመጀመሪያው ቀን ዜሮ ነው) ለ30 ማካፈል፣ ሙሉ ቁጥሩን ወስዶ አንድ መጨመር፤ 1 መስከረም፣ 12 ነሐሴ፣ 13 ጳጉሜን ይሆናል። ጳጉሜን 6 ከሆነች ዓመት ቀጥሎ አንድ ቀን ይዛነፋል፤ ለወር አማካይ ግድ የለውም። ለዓመታዊ ድምር ግን መስከረም 1ን መቁረጫ ማድረግ አልመክርም። ወንዙ ገና ከክረምቱ ሙላት እየጎደለ ሳለ ዓመቱን ቆርጦ የአንድ ክረምት ውኃን ለሁለት ዓመት ያካፍለዋል። ግንቦት፣ ወንዙ ጭል ጭል በሚልበት፣ የተሻለ መቁረጫ ነው።

መረጃው በሲኤስቪ ፋይል (በኮማ በተለያየ ሰንጠረዥ) ይወርዳል። ከ1940 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ዕለታዊ ስሌት ከ30,000 በላይ ረድፍ ነው፤ ለኤክሴል ቀላል ነው። ሲከፈት ቀኑ ከሕዋሱ ግራ ጠርዝ ከተጣበቀ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ነው ያየው፣ ግራፉም ይበላሻል፤ ወደ ቀኝ ከሄደ ቀን መሆኑን አውቋል። አማካይ ብቻ ሳይሆን መካከለኛም (ቀኖቹ በፍሰታቸው ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ይውጣ። ጥቂት የጎርፍ ቀናት አማካዩን ወደ ላይ ስለሚጎትቱት፣ የመገጭ የዓመት አማካይ ወንዙ በአብዛኛው ቀን የማይታይበት ቁጥር ነው። ለኔትዎርክ ደግሞ ምክሬ አጭር ነው፦ ዳታ የሚበላው የሳተላይት ምስሉ እንጂ ፋይሉ አይደለም። አንድ ሰው ቀድሞ አውርዶ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ያከፋፍል፤ አርባ ተማሪ በአንድ ዋይፋይ ካርታ ሲያጎላ ክፍለ ጊዜው በመጠበቅ ያልቃል።

ሞዴሉ ስለ ሰው ሥራ የሚያውቀው ነገር ጥቂት ነው። የአንገረብ ግድብ ለከተማው ውኃ እንደሚይዝ፣ በበጋ ደምቢያ ላይ ፓምፖች ከወንዝ እየሳቡ አትክልት እንደሚያጠጡ አያውቅም። ይበልጥ የሚታየው ባሕር ዳር ላይ ነው። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት የጨረጨራ መቆጣጠሪያ በ1988 ዓ.ም. ተሠርቷል፤ በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጣና በለስ ደግሞ ከሐይቁ ውኃ ወስዶ ተርባይን ካዞረ በኋላ ወደ በለስ ይለቃል። የሞዴሉ ዓባይ ይህ ሁሉ ያልተሠራ ይመስል ይፈሳል። በበጋ ወራት የሞዴሉንና የተለካውን ፍሰት ያነጻጸረ ተማሪ ልዩነት ቢያይ፣ ያየው የሰው እጅ ነው።

ከጣና ጋር አንድ ጥሩ ሥራ ይሠራል። የሐይቁ ከፍታ በሳተላይት ራዳር ስለሚለካ፣ ዳሂቲ በሚባለው የጀርመን የመረጃ ቋት ላይ ለዓመታት የተከማቸ ልኬት አለ፤ ይህ እንግዲህ የተለካ ነው። የመገጭን ፍሰትና የሐይቁን ከፍታ በአንድ ግራፍ ላይ ሲያስቀምጡ ወንዙ ነሐሴ ላይ ጫፍ ይደርሳል፣ ሐይቁ ግን እስከ መስከረም መጨመሩን ይቀጥላል። ለምን? ሐይቁ ከፍ የሚለው ወንዞቹ ከሚወጣው በላይ እስካስገቡ ድረስ ነውና፣ እየጎደሉም ቢሆን። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ሐይቅ ላይ 100 ሜትር ኩብ በሰከንድ ሙሉ ቀን ቢገባ ከፍታውን የሚጨምረው 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጊልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ተባብረው ለወራት የሚለፉትም ለዚህ ነው።

ሌሎቹን ካርታዎች በአጭሩ። ግሎፋስ የተባለው የአውሮፓ የጎርፍ ትንበያ 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆኑ ካሬዎች ይሠራል፤ ለመገጭ ላይኛው ተፋሰስ 15 ያህል ካሬ ማለት ነው፣ አይበቃም፣ ለዓባይ ግን መልካም ነው። ጎግል ፍለድ ሃብ እስከ 7 ቀን ይተነብያል፤ ለተማሪ ስልክ ከሁሉም የቀለለው እሱ ነው፣ ከሥሩ ያለውን ስሌት ለመመርመር ግን ብዙ ቦታ አይሰጥም። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመጠቀው ስዎት የተባለው ሳተላይት ወንዞችን የሚያየው ስፋታቸው 100 ሜትር ገደማ ሲሞላ ነው፤ መገጭን አያየውም። የተለኩ ፍሰቶችን የሚሰበስበው ጀርመን ኮብሌንዝ ያለው ማዕከል ካርታ ላይ ነጥብ ሲገኝ ደስ ከማለት በፊት የመዝገቡን መጀመሪያና መጨረሻ ዓመት ማየት ይገባል። ነጥብ ስላለ ዛሬም ይለካል ማለት አይደለም። የአገር ውስጡ መዝገብ ውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ነው፤ ከትምህርት ቤት ወይም ከዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይዞ መጠየቅ ነው።

ከስክሪኑ ወጥቶ ወንዝ ሳይለኩ ይህን ሁሉ መማር ግማሽ ነው። ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ቀሃ ለልምምድ ይመቻል። ቀጥ ያለ፣ ትልልቅ ድንጋይ የሌለው 20 ሜትር መምረጥ፣ ሁለቱን ጫፍ በገመድ ማመልከት። ተንሳፋፊው ሎሚ ወይም ብርቱካን ይሁን፤ አብዛኛው አካሉ ውኃ ውስጥ ስለሚሆን ነፋስ አይገፋውም። ባዶ ሃይላንድ ፕላስቲክ ግን ነፋስ ወደ ላይ ሳይቀር ሊመልሰው ይችላል። ከመጀመሪያው ገመድ ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ ይጣል፣ ገመዱ ጋር ሲደርስ የውኃውን ፍጥነት ይዞ እንዲሆን። በመሃል፣ በግራና በቀኝ ደጋግሞ ጊዜውን መያዝ፣ ዳር ላይ ሣር የያዘውን መጣል። 20 ሜትርን በ25 ሰከንድ ከሄደ 0.8 ሜትር በሰከንድ ነው፤ የላዩ ውኃ ከሥሩ ስለሚፈጥን በ0.85 ይባዛል፣ 0.68። ስፋቱ 5 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 0.3 ሜትር ከሆነ ፍሰቱ 1.02 ሜትር ኩብ በሰከንድ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጥልቀቱ ነው። ተማሪ መሃል ገብቶ ትልቁን ጥልቀት ይለካና እሱን አማካይ ያደርገዋል፤ ወይም ዱላው ጭቃ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ይገባል። 0.3 የነበረው 0.4 ሲሆን ፍሰቱ በሲሶ ይጨምራል። ከዳር እስከ ዳር በየ50 ሳንቲ ሜትሩ መለካት፣ ለዱላው ጫፍ ጠፍጣፋ ነገር ማሰር። ቀሃ ከተማውን አቋርጦ የመጣ ውኃ ስለሆነ ቦት ጫማና ሳሙና ከገመዱ እኩል ያስፈልጋሉ።

ጥር ላይ ደግሞ የፋሲል መዋኛ አለ። ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ በሚሳብ ውኃ ነው። መዋኛው ለምሳሌ 3,000 ሜትር ኩብ ቢይዝና በሰከንድ 10 ሊትር ቢገባበት፣ ለመሙላት 83 ሰዓት፣ ሦስት ቀን ተኩል ገደማ ይፈጃል። ተማሪዎች እውነተኛውን ስፋትና የቦዩን ፍሰት ለክተው ይተኩት። 10 ሊትር በሰከንድ ማለት 0.01 ሜትር ኩብ ነው፤ ዓለም አቀፉ ካርታ ላይ ወይ አይታይም ወይ ዜሮ ነው። ካርታው ዜሮ ያለው ወንዝ ያንን ሁሉ ሕዝብ ያጠምቃል።

የቀረው ችግር ክረምቱ ነው። ወንዙ የሚሞላው ሐምሌና ነሐሴ፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋውም ሐምሌና ነሐሴ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ በዚያ ወቅት ማንም ተማሪ ወንዝ ውስጥ እንዲገባ አይላክ፤ ከድልድይ ላይ ሆኖ፣ ምሰሶው ላይ በቀለም በየ20 ሳንቲ ሜትሩ በተሰመረ መስመር ማንበብ ይበቃል። መስመሩ በግንቦት፣ ውኃው ሲጎድል፣ የመንገድ አስተዳዳሪውን አስፈቅዶ ይቀባ። ድልድዩ አጠገብ የሚኖሩ ሁለት ሦስት ልጆች ጠዋትና ማታ፣ ዶፍ የጣለ ዕለት ደግሞ በየሰዓቱ ከፍታውን በደብተር ይያዙ። የ15 ቀኑ ትንበያ በየዕለቱ በአዲስ ስለሚተካ፣ ስልክ ያለው አንዱ በሳምንት አንድ ቀን አውርዶ ያስቀምጠው፤ መስከረም ላይ ተመልሶ የሚፈለገው እሱ ነው። ደብተሩ ላይ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ኤክሴል ጳጉሜን የሚባል ወር አያውቅምና «ጳጉሜን 3» ብሎ ያስገባ ተማሪ የዓመቱን ትልቅ ጎርፍ ከግራፉ ሊያጣው ይችላል። ሴፕቴምበር 8 ብሎ ያስገባው።